በነጥቡና በኖይዙ መካከል፦ በደብዛዛ ብርሃን በስልክ የሚነሡ የብራና መጻሕፍት

የግእዝን ጽሑፍ ትርጉም የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ ቀጫጭን ምልክቶች ናቸው። «ቀተለ» ሲባል ገዳዩ አንድ ነው፤ «ቀተሉ» ሲባል ብዙ ናቸው፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በመጨረሻው ፊደል ቀኝ እግር ላይ የተቀጠለች አንዲት አጭር ጭረት ብቻ ናት። ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው፤ ዐረፍተ ነገርን የሚዘጋው አራት ነጥብ ነው፤ በብዙ ብራናዎች ላይ ደግሞ በጥቁሮቹ ነጥቦች መካከል ቀይ ነጥቦች ይጨመራሉ። መጽሐፉ ድጓ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይረቅቃል። ትውፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው የዜማ ምልክት ከቃሉ በላይ በረቂቅ ጽሕፈት ይሰፍራል፤ ከስምንቱ ምልክቶች መካከል ይዘት ነጥብ ነው፤ ርክርክም በነጥቦች ድርድር ይጻፋል። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ ጠፋች ማለት ጌጥ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ንባብ ወይም ዜማ ተለወጠ ማለት ነው።

ችግሩ፣ በተመራማሪው ኪስ ያለው ስማርት ስልክ ነጥብን ከምስል ላይ ለቅሞ እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ መሆኑ ነው። በደብዛዛ ብርሃን በተነሣ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተነው፣ መሐንዲሶች ኖይዝ የሚሉት ነጠብጣብ ለተራ ተመልካች ዐይን ደስ አይልም፤ የስልክ አምራቾችም ባለፉት ዓመታት አጥብቀው ከተፎካከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህን ነጠብጣብ ማጥራት ነው። ለልደት ግብዣ ወይም ለከተማ የሌሊት ገጽታ ውጤቱ የሚያስመሰግን ነው። ለጥናት የሚነሣ ብራና ግን የልደት ግብዣ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ኖይዝን ብርሃን በመሰብሰብ መቀነስና ኖይዝን በግምት መቀነስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለምርምር በሚውል ምስል ላይ የመጀመሪያው ተገቢ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳይነገር ሊፈጸም አይገባም። በአሁኑ ጊዜ ግን ሁለቱም በአንድ አዝራር ሥር ተጠቅልለው ይቀርባሉ፤ በመመረቂያ ጽሑፍ የአሠራር ምዕራፍ ውስጥም «ምስሎቹ በስማርት ስልክ ተነሥተዋል» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ጊዜ እንደ በቂ ትቆጠራለች።

ኖይዙ ከየት ይመጣል

ኖይዝ የካሜራው ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይታሰባል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሴንሰሩ ሲነበብ የሚጨመር የኤሌክትሮኒክስ ኖይዝ አለ፤ ሙቀትም የራሱን ያዋጣል። ትልቁ ምንጭ ግን ብርሃኑ ራሱ ነው። ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ፎቶን በፎቶን እየሆነ ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ የዝናብ ጠብታም በእኩል ጊዜ በእኩል ስፋት ላይ የሚያርፈው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። የመዋዠቁ መጠን የፖይሰንን ሕግ ይከተላል፤ ይህም የአማካዩ ስኩዌር ሩት ነው። አንድ ፒክስል በአማካይ 100 ፎቶን ቢደርሰው መዋዠቁ 10 ይሆናል፤ ከመልእክቱ 10 በመቶ ማለት ነው። 10,000 ፎቶን ቢደርሰው መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ጨለማው ሲበረታ ኖይዙ የሚጎላው ስለዚህ ነው፤ የተበላሸ ነገር ኖሮ ሳይሆን የሚቆጠረው ስላነሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ዕቃ ቤቱ ማስገባት ይቻላል። አንድ ሻማ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው ብርሃን 1 ሉክስ ያህል ነው፤ በደንብ የበራ ቢሮ ወደ 500 ሉክስ ይደርሳል፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ደግሞ እስከ 100,000 ሉክስ። መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መብራት ባልገባበት ወይም ፍላሽ ማብራት ባልተፈቀደበት ሁኔታ፣ ተመራማሪው በጥቂት ሉክስ ይሠራል። ከ500 ወደ 5 ሉክስ ሲወረድ፣ የመንሻው ጊዜ ካልተለወጠ፣ ፎቶኖቹ 100 እጥፍ ያንሳሉ፤ የኖይዙ ድርሻም 10 እጥፍ ይጨምራል። በዚህ ላይ የሴንሰሩ ትንሽነት አለ። ባለ 12.2 ሜጋፒክስሉ የጉግል ፒክስል 3 ስልክ እያንዳንዱ ፒክስል 1.4 ማይክሮን ነው፤ ጠቅላላ የሴንሰሩ ስፋትም 5.6 በ4.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ሙሉ ፍሬም የሚባለው የባለሙያ ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። በእኩል የሌንስ ክፍተት ቁጥርና በእኩል ጊዜ ትልቁ ሴንሰር 36 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ስልኩ ይህን ጉድለት በብልሃት መሙላት አለበት፤ ጥያቄው የትኛው ብልሃት የሚለው ነው።

ቆጠራና ግምት

የመጀመሪያው ብልሃት ደጋግሞ ማንሣት ነው። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ስልኩ አንድ ረጅም ፎቶ በማንሣት ፈንታ ተከታታይ አጫጭር ፎቶዎችን አንሥቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስተካክሎ፣ አማካያቸውን የሚወስድበትን መንገድ አስረዱ። በ2018 ኖቬምበር በፒክስል ስልኮች ላይ የቀረበው የሌሊት ማንሻ በዚሁ ላይ የተገነባ ነው፤ ስልኩ በእጅ ተይዞ እስከ 15 ፍሬም ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ፍሬም እስከ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ሊዘልቅ ይችላል፤ ስልኩ ጽኑ ማስደገፊያ ላይ ሲቀመጥም እስከ 1 ሰከንድ ይደርሳል። በ2019 ስለዚሁ ሥርዓት የወጣው ጽሑፍ እስከ 0.3 ሉክስ ድረስ ስለ ማንሣት ይናገራል። መርሑ ቀላል ነው። በብራናው ላይ ያለው ነጥብ በ15ቱም ፍሬሞች ውስጥ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ ኖይዙ ግን በየፍሬሙ ቦታውን ይለዋውጣል። አማካይ ሲወሰድ የጸናው ይጸናል፤ የሚዋዥቀው ይደክማል። በ15 ፍሬም የሚገኘው መሻሻል የ15 ስኩዌር ሩት ነው፤ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ። እዚህ ላይ ስልኩ የተነሣው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ብራና ይሁን ድመት ለቆጠራው አንድ ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ጎረቤትን መጠየቅ ነው። አንድ ፒክስል ከአካባቢው ፒክስሎች ጋር የማይስማማ ከሆነ ስልተ ቀመሩ ወደ እነርሱ ይስበዋል። ቡአዴስ፣ ኮልና ሞሬል በ2005 ያቀረቡት መንገድ ከቅርብ ጎረቤት አልፎ በምስሉ ውስጥ ተመሳሳይ ቁራጮችን ይፈልጋል፤ በ2007 የቀረበው ቢ.ኤም.3.ዲ. እነዚህን ቁራጮች በቡድን አድርጎ በአንድነት ያጣራል፤ ከ2017 ወዲህ ስማቸው የገነነው ኒውራል ኔትወርኮች ደግሞ ጎረቤትነትን በምስሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቀድመው ባዩአቸው እጅግ ብዙ ሌሎች ምስሎች ውስጥ ይፈልጉታል። በመካከላቸው ሰፊ የሒሳብ ልዩነት ቢኖርም ሁሉም የሚጋሩት አንድ እምነት አለ፦ ምስል በባሕርዩ ልሙጥ ነው ወይም ራሱን ይደግማል፤ ብቻውን የቆመ፣ ወገን የሌለው ነጥብ ሐሰት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ለሰማይ፣ ለግድግዳና ለጉንጭ ይህ ጥሩ እምነት ነው። ብቻውን ቆሞ ዜማ ለሚመራ ይዘት ግን ፍርዱ አስቀድሞ ተፈርዶበታል።

በቀለም ረገድ ሁኔታው የባሰ ነው። በተለመደው የስልክ ሴንሰር ላይ ቀይን የሚያየው ከአራት ፒክስል አንዱ ብቻ ነው፤ የቀረው በግምት ይሞላል። የሰው ዐይን ከብሩህነት ዝርዝር ይልቅ የቀለምን ዝርዝር አጥርቶ ስለማያይ፣ የስልክ ሶፍትዌሮች የቀለም ኖይዝን ከብሩህነት ኖይዝ ይበልጥ አጥብቀው ያለሰልሳሉ። ምስሉ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቀለሙ መረጃ በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀነሳል። በአራት ነጥብ መካከል ያሉት ቀይ ነጥቦች በእነዚህ ሦስት ወንፊቶች ውስጥ አልፈው ምን ቀይ ይዘው እንደሚወጡ መገመት አያስቸግርም፤ ግራጫ ቢሆኑም ዕድለኞች ናቸው።

ጉዳዩ ፊደልና ነጥብ ብቻ አይደለም። የብራና መጽሐፍን እንደ ዕቃ የሚያጠኑ ሊቃውንት ከጽሑፉ ባልተናነሰ የሚፈልጓቸው ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ የሚያስገርመውም ሁሉም ማለት ይቻላል ኖይዝ መምሰላቸው ነው። ጸሓፊው መስመር ለመያዝ በወስፌ የወጋቸው ቀዳዳዎች በኅዳጉ ላይ የተደረደሩ ደቃቃ ነጥቦች ናቸው፤ አደራደራቸው መጽሐፉ መቼና በምን ልማድ እንደ ተዘጋጀ ለመመርመር ያገለግላል። መስመሮቹ ያለ ቀለም ተጭረው የተሠመሩ በመሆናቸው የሚታዩት በጥላቸው ብቻ ነው። የጠጉሩ ሥር በቆዳው ላይ የተወው ነጠብጣብ የብራናውን የጠጉር ወገን ከሥጋ ወገን ይለያል። ከሁሉም ይልቅ ግን የተፋቁ ስሞችን ማሰብ ያስፈልጋል። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀደመው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ መጻፉ በኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። ከፋቂው ቢላ የተረፈው የቀለም ርዝራዥ ከብራናው መልክ ጋር ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ከኖይዙ ከፍታ በታች ሊወርድም ይችላል። በቆጠራ የተሰበሰበ ምስል ይህን ርዝራዥ ቀስ በቀስ ያወጣዋል። በግምት የተለሰለሰ ምስል ንጹሕ ብራና ያሳያል፤ አንባቢውም እዚያ ምንም እንዳልነበረ ያምናል። ስሙ ሁለት ጊዜ ተፋቀ ማለት ነው፤ መጀመሪያ በቢላ፣ ኋላ በስልክ።

መለኪያው የማያየው

የኖይዝ ቅነሳ ጥናቶች ውጤታቸውን የሚመዝኑት በአብዛኛው ፒ.ኤስ.ኤን.አር. በሚባለው መለኪያ ነው። የተጣራው ምስል ከእውነተኛው ያለው ልዩነት በየፒክስሉ ተሰልቶ፣ በራሱ ተባዝቶ፣ አማካዩ በዴሲቤል ይነገራል። መለኪያው ሐቀኛ ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም ፒክስል እኩል ድምፅ ይሰጣል። 12 ሚሊዮን ፒክስል ያለው የአንድ ገጽ ፎቶ ይወሰድ፤ እያንዳንዷ ነጥብ 5 በ5 ፒክስል ትያዝ፤ ሁለት ነጥብ በድምሩ 50 ፒክስል ይሆናል። ስልተ ቀመሩ እነዚህን 50 ፒክስሎች ጠራርጎ አጥፍቶ የብራና መልክ ቢያለብሳቸውና ስሕተቱ በየፒክስሉ 150 ደረጃ ቢሆን፣ ወደ ጠቅላላው አማካይ የሚጨመረው 0.094 ብቻ ነው። የምስሉ ውጤት ከዚያ በፊት 35 ዴሲቤል ከነበረ የካሬ ስሕተቱ አማካይ 20.6 ያህል ነው፤ ሁለት ነጥቡ በመጥፋቱ ውጤቱ የሚወርደው በ0.02 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ብዙ ጽሑፎች እንደ እመርታ የሚያቀርቡት የ0.1 ዴሲቤል ብልጫ ከአንድ ገጽ ላይ አምስት የቃል መለያዎችን አጥፍቶ ሌላውን ጥቂት በማለስለስ ሊካካስ ይችላል። አምስት ቃላት ከጎረቤታቸው ጋር ይጋጠማሉ፤ ሠንጠረዡ ግን ደምቆ ይታያል።

የመለኪያዎቹ አሠራር ራሱ ለዚህ ክርክር ምስክር ነው። በ2018 የወጣውና በስማርት ስልክ የኖይዝ ቅነሳ ጥናት ውስጥ በሰፊው የሚያገለግለው የሲድ የምስል ስብስብ በ5 ስልኮች በ10 ትዕይንቶች ላይ የተነሡ ወደ 30,000 የሚጠጉ ምስሎችን ይዟል። አዘጋጆቹ «እውነተኛው ምስል ይህ ነው» ለማለት የተጠቀሙት ስልት ብልህ ኔትወርክ አልነበረም፤ አንዱን ትዕይንት 150 ጊዜ ያህል አከታትሎ አንሥቶ፣ አስተካክሎ፣ አማካዩን መውሰድ ነበር። ግምት የሚመዘንበት ወርቅ ከቆጠራ የተቀዳ ነው። አንድ ተማሪ የማይንቀሳቀስ ገጽ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ወርቁን ትቶ ግምቱን የሚመርጥበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ምስሉ እያማረ ሲሄድ የሚሆነው ነው። ዮቻይ ብላውና ቶመር ሚካኤሊ በ2018 ባቀረቡት ሥራ በምስል ማደስ ላይ የማይታለፍ ድንበር እንዳለ በሒሳብ አሳይተዋል፤ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ለዐይን ይበልጥ እውነተኛ የሚመስል ምስል ማውጣት የሚቻለው ከእውነተኛው ምስል ይበልጥ በመራቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ወደ ጥግ ማድረስ አይቻልም። ይህ የአንድ ስልተ ቀመር ድክመት ስላልሆነ በሚቀጥለው ዓመት በሚወጣ ስልክ የሚታረም አይደለም። ገበያው የሚከፍለው ለውበቱ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የአምራቾቹ ምርጫም ያንኑ ይከተላል፤ በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ወቀሳ ካለ ምርጫው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ምስሉን እንደ ማስረጃ በሚያቀርበው ተመራማሪ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ጥፋት በሌላ መስክ አስቀድሞ ታይቷል። በ2013 ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ ዴቪድ ክሪዝል አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች የሕንፃ ፕላን ስካን ሲያደርጉ ቁጥር እንደሚለውጡ አጋለጠ። በአንድ ፕላን ላይ ሦስት ክፍሎች 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ሆነው ሳለ ስካን የተደረገው ቅጂ ሦስቱንም 14.13 አደረጋቸው። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ የገባው ዘዴ ተመሳሳይ የመሰሉትን ቁራጮች በአንድ ቅርጽ መተካቱ ነበር፤ ኩባንያውም ማስተካከያ ሶፍትዌር ለማውጣት ተገደደ። አስፈሪው ነገር የተሳሳተው ቁጥር ደብዛዛ አለመሆኑ ነበር፤ ጥርት ብሎ፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ምልክት ታትሞ ወጣ። በ2023 ደግሞ አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ሥዕል ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ በሳምሰንግ ስልክ ሲያነሣው ስልኩ በሥዕሉ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨመረበት። ሳምሰንግ ስልኩ ጨረቃን ለይቶ የሚያውቅና ዝርዝሯን በዲፕ ለርኒንግ የሚያጎላ ሥርዓት እንዳለው አስረዳ። ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ገጽ ስለምታሳየን ጉዳቱ ትንሽ ነው ይባል ይሆናል። የግእዝ ቁጥሮች ፮ና ፯ ግን የሚለያዩት በቅርጻቸው ጥቂት ዝርዝር ነው፤ በዘመን ቁጥር ላይ አንዱ በሌላው ቢተካ ከዓመቱ ወንጌላዊ ጀምሮ ብዙ ነገር ይፋለሳል። ተመሳሳይን በተመሳሳይ የሚሞላ ማሽን ፊት ፮ና ፯ን ማቅረብ አደጋ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ከዚህ ክርክር በተቃራኒ የሚቀርበው ብርቱ ተቃውሞ ከሥራው ሜዳ የሚመጣ ነው። መጽሐፉን ለማሳየት ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ከሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ያልቃል፤ ጠባቂው አባት ቆመው ይጠብቃሉ። ያልተጣራ ጥሬ ምስል በስልኩ ላይ ሲታይ ጥቁርና ነጠብጣባም ነው፤ ተማሪው ይነበብ አይነበብ በቦታው ማረጋገጥ ይቸገራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መልሱም የተጣራውን ምስል መጣል አይደለም። የተጣራው ለማየት፣ ጥሬው ለማስቀመጥ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጡ ስልኮች አሉ።

የጊዜና የማከማቻ ነገር ሲሰላ እንደሚፈራው አይደለም። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 400 ገጽ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ 15 ፍሬም በአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ቢወሰድ በገጽ 5 ሰከንድ፣ በጠቅላላው 33 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ገጽ መግለጡ ከዚህ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ባለ 12.2 ሜጋፒክስል ጥሬ ምስል ሳይታመቅ ወደ 24 ሜጋባይት ነው፤ ለ400 ገጽ አንድ አንድ ቢቀመጥ ከ10 ጊጋባይት አይዘልም፤ አራት አራት ቢቀመጥ 40 ጊጋባይት አይሞላም። ይህ በአንድ ሚሞሪ ካርድ የሚያዝ ነው። ከገጠር በኢንተርኔት ለመላክ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን መላክና ማስቀመጥ የተለያዩ ናቸው።

የቀደመው ትውልድ ልምድም ለተጣራ ምስል የሚቀርበውን ውዳሴ ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በጥቁርና ነጭ ፊልም አነሣ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ተቀምጠው ያዘጋጇቸው ዝርዝሮች ከእነዚህ ፊልሞች የተነበቡ ናቸው። ፊልሙ ቀለም አልነበረውም፤ የራሱ የብር ቅንጣት ነጠብጣብም ነበረው። ያ ነጠብጣብ ግን ያልተጻፈ ፊደል አልጻፈም፤ የተጻፈ ፊደልም ፍቆ ቦታውን አላለሰለሰም። አንባቢው የማይነበበውን «አይነበብም» ለማለት ይችል ነበር። ያ ችሎታ በምርምር ውስጥ ያለው ዋጋ በዲጂታሉ ዘመን በቂ ክብር አላገኘም።

ጥሬ ምስል የሚለው ስም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድሮይድ ከ2014 ጀምሮ በ5.0 ዕትሙ መተግበሪያዎች የሴንሰሩን ጥሬ መረጃ እንዲወስዱና የኖይዝ ቅነሳውን እንዲያጠፉ መንገድ ከፍቷል፤ የአይፎን ስልኮችም ከ2016 ጀምሮ ይህን ፈቅደዋል። መፍቀዱ በስልኩ አምራች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ግን ብዙ ርካሽ ስልኮች ይህን በር ዘግተውታል። በሌላ በኩል በ2020 አፕል ያቀረበው ፕሮሮው ስሙ ጥሬ ይምሰል እንጂ ፍሬሞቹ ተዋሕደው፣ ቀለማቸውም ተሞልቶ የወጣ ምስል ነው። የፒክስል 3ም ጥሬ ፋይል ከብዙ ፍሬም ተዋሕዶ የተሠራ ነው፤ ይህኛው በዋናነት ቆጠራ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም መታወቅ አለበት። ጥሬ ሥጋና ጥብስ እንደማይምታቱ ሁሉ እነዚህም መምታታት አልነበረባቸውም፤ የገበያ ስም አወጣጥ ግን አምታቷቸዋል።

ስልኩ ጥሬ ምስል የማይሰጥ ከሆነ የሚቀረው ብርሃኑን መጨመር ነው፤ በእውነቱ ከሆነ ይህ ከሁሉም ስልተ ቀመር ይቀድማል። መጽሐፉን ጠባቂው በሚፈቅዱት መጠን ወደ መስኮት ማቅረብ፣ በመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ገጹ መመለስ፣ ስልኩን በእጅ ከመያዝ ይልቅ ማቆሚያ ላይ ማሰር፤ እነዚህ ምንም የማያስወጡ ናቸው። ብርሃኑ በ4 እጥፍ ሲያድግ የኖይዙ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያለ አንዳች ግምት።

በትምህርት ክፍሎች ደረጃ የሚፈለገው አነስተኛ ነው። በስልክ ምስል ላይ የተመሠረተ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የስልኩን ሞዴል፣ የሶፍትዌሩን ዕትም፣ የሌሊት ማንሻው በርቶ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር፣ የፍሬሞቹን ብዛት፣ ፋይሉ ጥሬ ወይም የተጣራ መሆኑን፣ በቦታው የነበረውንም ብርሃን በአንድ አንቀጽ ይግለጽ። የግእዝ ፊደልን በማሽን ለማንበብ የሚሠሩ ጥናቶች ደግሞ የማሠልጠኛ ምስሎቻቸው በምን ዓይነት ማጥሪያ እንዳለፉ ካልገለጹ፣ ሞዴላቸው የጸሓፊውን እጅ ይማር ወይስ የስልኩን ማለስለሻ መለየት አይቻልም።

ለኖይዝ ቅነሳ ተመራማሪዎችም ከዴሲቤል የተለየ መለኪያ በቀላሉ ሊዘጋጅ ይችላል። አንድ የድጓ ቅጠል ደህና ብርሃን ባለበት ቦታ ይነሣ፤ የድጓ መምህር በቃሉ ላይ ያሉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ቆጥረው ይመዝግቡ። ያው ቅጠል በ50፣ በ5 እና በ1 ሉክስ በተለያዩ ስልኮችና ማጥሪያዎች እንደገና ይነሣ፤ ከዚያም ስንት ይዘት እንደ ተረፈ፣ ስንት ሁለት ነጥብ እንደ ጠፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ያልነበሩ ስንት ምልክቶች እንደ ተጨመሩ ይቆጠር። ሥራው አንድ ቅጠል፣ ጥቂት ስልኮች፣ አንድ የብርሃን መለኪያና የአንድ መምህር ጥቂት ቀናት ይጠይቃል።